በሩ ከውስጥ ተዘግቷል

ፓውፓው ክሪክ፣ ኢንዲያና
ኖቬምበር 6 ቀን 1887

ውድ አክስቴ ኬዛያ፣

ሰላምታዬን ከማስረዘሜ በፊት ለጥያቄዎችዎ ልመልስ፤ አለዚያ «ይቺ ልጅ የምትደብቀኝ ነገር አለ» ብለው ሲገላበጡ ያድራሉ። አዎ፣ የሱፍ ካልሲዎቹን አድርጌያለሁ፤ ሁለቱንም ጥንድ፣ አንዱን ባንዱ ላይ። አይ፣ ጉንፋን አልያዘኝም። አዎ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሰባኪው ግን በወር አንዴ በበቅሎ ነው የሚመጣው፤ በቅሎዋ ካልፈለገች ደግሞ አይመጣም። ብቻዬን እተኛ እንደሆነ ለጠየቁኝ ግን ትንሽ ማስረዳት አለብኝ።

እዚህ አገር መምህር የራሱ ቤት የለውም፤ ቤቱ ሁሉ ቤቱ ነው። አንድ ሳምንት አንዱ ጋ፣ አንድ ሳምንት ሌላው ጋ እየተዘዋወርኩ ከተማሪዎቼ ወላጆች ጋር እበላለሁ፣ አድራለሁም። በዚህ ሳምንት ፕሩዊቶች ዘንድ ነኝ። ከሦስት ሴት ልጆቻቸው ጋር ባንድ አልጋ ነው የምተኛው። መሃል ስለሆንኩ አይበርደኝም፤ መገላበጥ ግን በስምምነት ነው። አንዷ «እንዙር!» ስትል አራታችንም እንዞራለን። የቤቱ አሮጊት እማማ ድሩሲላ በመጣሁ ዕለት ፒፓቸውን ከጥርሳቸው ሳያወጡ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ለበረዶው ወራት የላኩልን ይህችን ነው? ነፋስ አይወስዳትም?» አሉ። «ነፋስ ሲነሳ ኪሴ ውስጥ ድንጋይ እጨምራለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። ወዳጆች ሆንን።

ትምህርት ቤቴ (ትምህርት ቤቴ! ይህችን ቃል ስጽፍ እጄ ራሱ ይስቃል) ከግንድ የተሠራ አንድ ክፍል ነው። አንድ በር አለው፣ መሃሉ ላይ አንድ የብረት ምድጃ። ተማሪዎቼ አፍንጫውን መጥረግ ካልቻለ ሕፃን አንሥቶ ጢም እስካበቀለ ጎረምሳ ድረስ ናቸው። አለቃቸው እኔ አይደለሁም፤ ኦርፋ ስታልካፕ የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። በራስ ትበልጠኛለች። ክፍሉ ጸጥ እንዲል ከፈለግኩ የማየው ወደ እሷ ነው፤ እሷ ቅንድቧን ታነሣለች፤ ጸጥ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የተቀጠርኩት እስከ አዲስ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሦስት ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ትቀጥል» ወይም «ትሂድ» ይላሉ። አክስቴ፣ መቀጠል እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያ ትምህርት ቤቷ የተባረረችን መምህርት ማን ይቀጥራታል? ከዚያም በላይ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ ከባቡር የወረድኩት ዓለምን ላስተምር ነው፤ ዓለም ደግሞ በፓውፓው ክሪክ ይጀምራል።

ስለዚህ እባክዎ ለአቶ ሞልተን የከተማችንን ትምህርት ቤት ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ይንገሩልኝ። ደግ ሰው ናቸው። ግን ከእርስዎ በር እስከዚያ በር ስመላለስ ዕድሜዬ እንዲያልቅ አልፈልግም። ይህን ስል በሩን ጠልቼ እንዳይመስልዎ።

የምትወድዎ ልጅዎ
ቴዎዶስያ


ኦቲስ ፎልስ፣ ኒው ሃምፕሻየር
ኖቬምበር 28 ቀን 1887

ልጄ ቴዎዶስያ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ማንበብ ጀምሬ፣ አራት ሆናችሁ ባንድ አልጋ የሚለው ጋ ስደርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተቀምጬ ነው ያነበብኩት።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ፤ ብቸኝነት አይሰማኝም። ድመቷ አለች፤ ሐሳቧን በግልጽ የምትናገር ፍጥረት ናት። የምስጋና ቀን በዓልን እንዴት ሊውሉ ነው ላልሽኝም፣ ለአንድ ሰው የቱርክ ዶሮ አይታረድም፤ ተራ ዶሮ አረድኩ። ዶሮዋም ትልቅ ነበረች። እስከ ዛሬ እየበላኋት ነው። ሳልዎ እንዴት ነው ላልሽኝ ግን፣ ሳል እንደያዘኝ ማን ነገረሽ? ጎረቤታችን ወይዘሮ አቦት ናት። የዚያች ሴት ብዕር ከምላሷ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው።

አቶ ሞልተንን አልነገርኩትም። ልነግረው ኮፍያዬን አድርጌ ወጥቼ ነበር፤ መንገዱ በረዶ ሆኖ ተመለስኩ። በማግስቱ መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ያን ዕለት ደግሞ ኮፍያው ጠፋብኝ። እሱም «እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ እጠብቃታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጆቹን ያለ መምህር ማቆየት አልችልም» ብሏል። ልጄ፣ ዓለም በፓውፓው ክሪክ ይጀምራል ብለሻል፤ ይጀምር። እዚህ ኦቲስ ፎልስም ግን ማባዛት የማይችሉ ልጆች ሞልተዋል፤ አልጋም ለየብቻ ነው።

ያቺን ኦርፋ የምትባለውን ልጅ ጠብቂያት። ቅንድቧን የምታነሣ ልጅ አንድ ቀን ሌላም ነገር ታነሣለች።

አክስትሽ
ኬዛያ ፊፊልድ


ፓውፓው ክሪክ
ዲሴምበር 8 ቀን 1887

ውድ አክስቴ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ወንዙ ሞልቶ ደብዳቤ አመላላሹ ማዶ ቀርቶ ነበር። ኮፍያዎ ተገኘ?

«ይወዱሻል ወይ?» ቢሉኝ፣ እንጃ። ግን ይጠይቁኛል። ይህን ያህል የሚጠይቅ ሕዝብ አይቼ አላውቅም፤ ጥያቄውም ግራ የገባ ነው። በዚህ ሳምንት ያረፍኩት ስታልካፖች ዘንድ ነው። የኦርፋ አባት አቶ ሌሙኤል ስታልካፕ የሦስቱ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ወፍጮ ነው። ትናንት እራት ላይ ቀና አሉና፣

«እትዬ፣ ዛፍ ላይ መውጣት ይችላሉ?» አሉኝ።

«ልጅ ሳለሁ እወጣ ነበር።»

«ጣሪያ ላይስ?»

«ጣሪያ ላይ ምን ላደርግ?»

«እንዲያው ነው» ብለው ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። ኦርፋን ወተቷ ትን አላት።

ሱቅ ስሄድ ደግሞ ባለሱቁ ሳልጠይቀው «ከረሜላ ልመዝንልዎ? ብዙ አስመጥቻለሁ» አለኝ። ጣፋጭ እንደማልወድ ስነግረው ሰው የሞተበት መሰለ። እማማ ድሩሲላም በበኩላቸው የትምህርት ቤቱ መስኮት ይሰፋ ይጠብ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ብርዱ አስበውልኝ ነው።

ሕፃናቱ በየቀኑ «እትዬ፣ ለገና ምን አለን?» ይሉኛል።

«ግጥም እናነባለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መዝሙር።»

«ከዚያስ?»

ሥነ ጽሑፍ የተጠማ ሕዝብ እንደሆነ ገባኝና ሦስት ግጥሞች ጨመርኩ።

አሁን አንድ የሚከነክነኝን ልንገርዎ። ኦርፋን በተመለከተ ተሳስተዋል፤ ጭንቅላቷ ምላጭ ነው። የማያልቅ ሒሳብ ሰጥቻት ገና ምድጃው ሳይሞቅ ጨርሳ «ሌላ የለም?» ትለኛለች። ግን እናቷ ስለሞቱ ቤቱ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ አባቷ ከትምህርት ቤት ሊያስወጧት ነው። ትልልቆቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ በጸደይ ወደ እርሻና ወደ ጓዳ። ለአቶ ስታልካፕ ላነሣላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ የእኔ ጉዳይ ገና በእጃቸው መሆኑ ትዝ አለኝና «ድንቹ ይጣፍጣል» አልኩ። በራሴ አፈርኩ።

ቴዎዶስያ


ፓውፓው ክሪክ
ዲሴምበር 23 ቀን 1887

አክስቴ፣

በችኮላ ነው የምጽፈው። ከገና በፊት የመጨረሻው የትምህርት ቀን ዛሬ ነበር። ግጥሞቹን በብብቴ ይዤ ትምህርት ቤቴ ስደርስ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ሳቅ ሰማሁ።

«ክፈቱ!»

«አንከፍትም!»

የኦርፋ ድምፅ ነው። አክስቴ፣ የኦርፋ!

«ምን ሆናችኋል?»

«ምንም! እትዬ፣ ይግቡ እንጂ!»

«በሩን ዘግታችሁ በየት ልግባ?»

«እሱን እርስዎ ያውቁበታል!»

ከዚያ ሁሉም አግዳሚውን እየደበደቡ ይዘፍኑ ጀመር። የተማረ ሰው ምን ያደርጋል? ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፤ አልለመንኩም። ዞር ብዬ አንገቴን ሳልደፋ ወደ ፕሩዊቶች ቤት ተመለስኩ። ከዚያም ለአቶ ስታልካፕ «ትምህርት ቤትዎ ዐምጿል፤ ሥርዓት እስኪመለስ ድረስ አልመለስም» ብዬ ጻፍኩ።

ዓይኔ የቀላው ከምድጃው ጭስ ነው።

ለአቶ ሞልተን ቦታውን እንዲያቆዩልኝ ይንገሯቸው። ስለ ኦርፋ እርስዎ ትክክል ነበሩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንደማያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ቴዎዶስያ


ፓውፓው ክሪክ
ዲሴምበር 26 ቀን 1887

ውድ አክስቴ፣

ያለፈውን ደብዳቤዬን ያቃጥሉት። አንብበውት ከሆነ ይርሱት። ለአቶ ሞልተን ነግረዋቸው ከሆነ ደግሞ… እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጨዋታ ነበር! አክስቴ፣ ጨዋታ!

በዚያው ዕለት እማማ ድሩሲላ ስተክዝ አይተውኝ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እናንተ አገር ገና ሲደርስ ልጆች በመምህራቸው ላይ በር አይዘጉም?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ግጥም ያነባሉ።»

እማማ ድሩሲላ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። ሲያወጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ምስኪኖች» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ገና ሲቃረብ ልጆቹ ቀድመው ገብተው በሩን ይዘጋሉ። መምህሩ በብልሃት መግባት አለበት። ከገባ እሰዬው፣ ሳቅ ነው። ካልገባ ከረሜላና ፖም ሊሰጣቸው በወረቀት ፈርሞ በበሩ ሥር ያሳልፍላቸዋል፤ ይከፍቱለታል። ያም ሳቅ ነው። አምና የነበረው መምህር በመስኮት ሲገባ ጫማው ውጭ ቀረ። ካቻምና የነበረው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን በሳንቃ ከደነና ሁሉንም እያስነጠሰ አስወጣቸው፤ እስከ ዛሬ እንደ ንጉሥ ስሙን ያነሡታል። የጣሪያው፣ የመስኮቱ፣ የከረሜላው ጥያቄ ሁሉ ይኸው ነበር። የእኔን ጉዳይ ታሪክ ብሎ የሚያወራ ሰው ምን ይላል? «ሄደች።» በቃ።

የባሰውን ልንገርዎ። ወላጆች ሁሉ ትኩስ የፖም ጭማቂ ይዘው ከዛፎቹ ጀርባ ተደብቀው ያዩኝ ነበር። ያዩት ግን ጀርባዬን ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ልጆቹ እስኪመሽ አልወጡም፤ ምሳም አልበሉ። ኦርፋ «መሰላል ልታመጣ ነው የሄደችው፤ ቆይ፣ ትመጣለች» እያለች ስታጽናናቸው ዋለች።

አቶ ስታልካፕ ማስታወሻዬን ይዘው ትናንት መጡ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ወንበሩ ላይ ጫፉን ይዘው ተቀመጡ።

«እሱስ ባያውቁት ነው» አሉኝ። «ሰዉ ግን ‹ንቃን ነው፤ ከእኛ ጋር መጫወት ያሳፍራታል› ይላል። ከአዲስ ዓመት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው የምንሰበሰበው። ሦስት ነን፤ እኔ አንድ ድምፅ ነኝ።»

«የእርስዎ ድምፅ ወደየት ነው?»

«የእኔ? እኔ እትዬ፣ ዛፍ ጀርባ በብርድ ቆሜ ነው የዋልኩት።»

ቴዎዶስያ


ኦቲስ ፎልስ
ዲሴምበር 29 ቀን 1887

ልጄ፣

የሃያ ሦስቱ ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሳልቀመጥ አነበብኩት፣ ሳልቀመጥም ለአቶ ሞልተን «ትመጣለች» ብዬ ነገርኩት። ኮፍያ አላደረግኩም፤ ወይዘሮ አቦት በመስኮት አይታኛለች፤ ትይ። አልጋሽን አንጥፌያለሁ።

ተማሪ በመምህሩ ላይ በር ይዘጋል! ድመቷ እንኳ ተቆጥታለች። አንቺ አንገትሽን ሳትደፊ መመለስሽን ግን ወድጄዋለሁ፤ የፊፊልድ አንገት ነው። አትለምኝ። አትመለሺ። ሻንጣሽን ዝጊና ባቡር ላይ ውጪ።

ለዚያ ስታልካፕ ለሚባለው ሰው ራሴ ጽፌለታለሁ። ምን እንዳልኩት አትጠይቂኝ። በአክብሮት ነው የጀመርኩት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ማለቴ ነው።

ደስ ብሎዎታል ወይ ብትይኝ፣ ትመጫለሽና ደስ ብሎኛል ልልሽ ነበር። ጻፍኩትና ሳየው ውሸት ሆነ። ልጄ ተሸንፋ ስትመጣ ደስ አይለኝም። ግን ነይ።

ኬዛያ


ፓውፓው ክሪክ
ጃንዋሪ 1 ቀን 1888

ውድ አክስቴ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልዎ። ደብዳቤ ከእርስዎ ገና አልደረሰኝም። ሲደርሰኝ ምን እንደሚል ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳይደርስ ልቅደመው። አልመጣም። ገና አልመጣም።

ነገ ትምህርት ይከፈታል። ያሰብኩትን አልነግርዎትም፤ ብነግርዎ ባቡር ተሳፍረው ይመጣሉ። የሚያውቁት እማማ ድሩሲላ ብቻ ናቸው። ከየልጆቻቸው ለቅመው ሦስት ካፖርት አዋሱኝ። ለምን ሦስት እንደሆነ አይጠይቁኝ። የሰው አገር ጨዋታ አበላሽቻለሁ፤ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ተራዬን መጫወት አለብኝ። ከተጫወትኩ በኋላ «ሂጂ» ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ሳልጫወት ግን አልሄድም።

ቴዎዶስያ


ፓውፓው ክሪክ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1888

ለተከበሩ ወይዘሪት ኬዛያ ፊፊልድ፣

ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። እዚህ ከሩቅ አገር ደብዳቤ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ልማዳችን ነው። ባለሱቁ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀና «ሌሙኤል፣ የቀረውን አንተ ብታነበው ይሻላል» አለኝ። ሰዉ ግን አልተወውም። «በቅሎ ያሳደጋችሁ ሕዝቦች» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደግሞ ሰማ። ከሰባኪው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም።

ብዕረኛ አይደለሁም፤ ግን የሆነውን ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል፤ የእርስዎ ልጅ እንደሆነች በሙሉ አትነግርዎትም።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲደርሱ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ቢያንኳኩ «ማን ነው?» ትላለች መምህርቷ። «እኛ ነን!» «አልከፍትም!» ልጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ነገሩ ገባቸውና ጩኸታቸው እኔ ጎተራ ድረስ ተሰማ። አገሩ ተጠራርቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከበሩ ሥር ወረቀት ወጣ። እንዲህ ይላል፦ በፓውፓው ክሪክ ያለ ቤት ሁሉ ለመምህርቷ ከማሽላ አገዳ ሽሮፕ የተሠራ ከረሜላ ያመጣል፤ ጣፋጭ መውደድ ትለምዳለች። ደግሞ፣ በገና በሩን የዘጋ ሁሉ የጸደይ ትምህርት እስኪያልቅ ድረስ ከትምህርት ቤት አይወጣም። ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት።

ወይዘሪት፣ በገና በሩን የዘጉት ትልልቆቹ ናቸው። ትልልቆቹ ደግሞ በጸደይ የሚያርሱልን፣ የሚያበስሉልን ናቸው።

«ከረሜላው ይሁን፤ ሌላውን አልፈርምም!» አልኩ።

«እንግዲያው ደህና ይዋሉ፣ አቶ ስታልካፕ!» አለች።

ሰው ያያል፣ ልጆች ያያሉ። ሽማግሌ ሆኜ ልሸነፍ አልችልም። ሳንቃ ይዤ ጣሪያው ላይ ወጣሁና የጭስ ማውጫውን ከደንኩት። ሳሏን እስክሰማ ጠበቅኩ። የሰማሁት የራሴን ሳል ነው። ሳንቃውን አንሥቼ ወደ ታች ጮህኩ፦

«እትዬ፣ እሳት አላነደዱም እንዴ?»

«አላነደድኩም፤ ሦስት ካፖርት ለብሻለሁ። እርስዎስ?»

እኔ ኮቴን መሰላሉ ሥር ጥዬው ነበር የወጣሁት።

ልውረድ ብል መሰላሉ የለም። የወሰደችው ልጄ ኦርፋ ናት። ኮቴንም ለብሳዋለች።

«አባዬ፣ ፈርም!»

«መሰላሉን መልሺ!»

«ፈርምና እመልሳለሁ!»

«ቤቱን ማን ይይዘዋል? ማን ያበስልልኛል?»

«እጅ የለህም እንዴ? ጣሪያ ላይ የወጣህበት እጅ!»

ሰዉ በሳቅ ሞተ። የእኔ ልጅ ከዚያ ቀን በፊት በሰው ፊት «እፈልጋለሁ» ብላ አታውቅም። ወይዘሪት፣ እዚያ ላይ ሆኜ ከላይ ሳያት እናቷን መሰለችኝ። ይህን ሱቅ ውስጥ አልተናገርኩም።

ባልንጀሮቼ ሽማግሌዎች፣ ቤከንባውና ቲልፎርድ፣ እታች ቆመው ተማከሩ። «ሌሙኤል፣ ሦስታችንም ከተገኘን ቅዳሜን ምን ያስጠብቀናል? የመምህርቷን ነገር አሁኑኑ እንጨርስ» አሉኝ። «ጣሪያ ላይ ነኝ እኮ!» ብል «ድምፅህ ይሰማል» አሉ። ትቀጥል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ፤ ሁለቱ አወጡ። እኔ እጄን ካወጣሁ ተንሸራትቼ እንደምወድቅ ነገርኳቸው። እንደ አዎ ቆጠሩት። አልተሳሳቱም።

ወረቀቱ በረጅም ዘንግ ጫፍ ታስሮ ወጣልኝ፤ በጥላሸት ፈረምኩ። በሩ ተከፈተ። መምህርቷ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ እየሳቀች ወጣች፤ ልጆቹ ተሸክመው መልሰው አስገቧት።

እነሆ ኦርፋ እስከ ጸደይ መጨረሻ ትማራለች። ዳቦውን በየተራ እንጋግራለን ተባብለናል። ትናንት ተራዬ ነበር፤ ውሻው ወስዶ ቀበረው።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤዎን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ይህች ሴትዮ ራሷ መምህርት ናት? ካልሆነች ለምን?» መልሱን ስለማላውቀው ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሌሙኤል ስታልካፕ


ፓውፓው ክሪክ
ጃንዋሪ 5 ቀን 1888

ውድ አክስቴ፣

አቶ ስታልካፕ ጽፌላቸዋለሁ ስላሉኝ ስለ ጣሪያው አንድም ቃል አልጽፍም። ያሉት ሁሉ የተጋነነ ነው፤ ከከንፈሬ በስተቀር። እሱ አሁን ወደ መልኩ ተመልሷል።

ይኸው እቀጥላለሁ! ጸደይንም፣ የሚመጣውንም ዓመት። ትናንት ማባዛት ሳስተምር ድምፄ እየዘለለ አስቸገረኝ። ኦርፋ ቅንድቧን አነሣችብኝ፤ ጸጥ አልኩ።

ግን አክስቴ፣ «አልጋሽን አንጥፌያለሁ» ያሉት ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ደስታዬን ይዤ ሳነበው መሃል ላይ ቆምኩ። ቤቱ ዝም እንዳለ አውቃለሁ፤ ድመቷ ሐሳቧን የምትናገር ብትሆንም። ነይ ብለውኝ አልመጣም ማለቴ ነው፤ ይህን በሌላ ቃል ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም። ሳላጣምመው ቢሰሙኝ ይሻላል። በጁላይ ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ግን ያነጠፉትን አልጋ ለድመቷ ይስጧት።

አቶ ሞልተንስ? በዚህ ጊዜ ከየት መምህር ያገኛሉ? በእኔ ምክንያት ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ፈራሁ። ይጻፉልኝ።

የምትወድዎ
ቴዎዶስያ


ኦቲስ ፎልስ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1888

ልጄ ቴዎዶስያ፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ጊዜ አልነበረኝም። ለምን እንዳልነበረኝ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ በረዶው መስኮት ደርሷል፣ ሳሌ ለቆኛል። ነበረብኝ፤ አሁን ስለለቀቀኝ ላምን እችላለሁ።

የዚያ ሰውዬ ደብዳቤም ደርሶኛል። ሰው ለሰው በግል የጻፈውን ሱቅ ውስጥ የሚያነብ ሕዝብ! ሦስት ጊዜ ያስደገሙት የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ አየሁት። እውነትም ደህና ዓረፍተ ነገር ነው።

አልጋሽን ለድመቷ እንድሰጣት ላልሽኝ፣ ሰጥቻታለሁ። የተቀየምኩሽ መስሎሽ ከሆነ፣ አንድ ቀን ተቀይሜሻለሁ፤ ማክሰኞ ነበር። በዚያው ማክሰኞ አቶ ሞልተን መጣ።

«ልጅቷ መቼ ትደርሳለች?» አለኝ።

«አትመጣም። ሥራ አላት» አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ እንዴት ያለ ጥሩ ጣዕም እንዳለው ልነግርሽ አልችልም። ደግሜ አልኩት።

«ታዲያ እነዚህን ልጆች ማን ሊይዛቸው ነው?» ብሎ ኮፍያውን ያዞራል።

ያ ሰውዬ ወደ እኔ ያስተላለፈው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አየሁት። «እኔ» አልኩ።

«እርስዎ? በዚህ ዕድሜ?»

«በየትኛው ዕድሜ?» አልኩት።

ከሰኞ ጀምሮ እያስተማርኩ ነው። ቤት ስገባ ድምፄ የለም፤ ድመቷ ብቻዋን ታወራለች። ድሮ የማልወደውን የቤቱን ዝምታ ደጃፉ ላይ ቆሜ እግዜር ይስጥህ እለዋለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ትናንት ጉልበቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እንዳትነቃ ብዬ ጂኦግራፊውን በሹክሹክታ አስተማርኩ፤ ክፍሉ ሁሉ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም።

እስከ ዛሬ እኔ ሳዝዝ አንቺ ስትመልሺ ኖረናል፤ አሁን ግን እኔ ልጠይቅሽ። ክፍልፋይ ለማያውቅ በምን ትጀምሪያለሽ? እኔ በዱባ ኬክ ጀመርኩ፤ ሩቡን ሳስረዳ ሦስት ሩቡን በሉብኝ። የሚያስቅ ልጅ ሲያጠፋ ሳቅሽን የት ታደርጊዋለሽ? ቅንድብ ማንሣትስ ይለመዳል? በመስተዋት ፊት ሞክሬ ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ነው የሚነሡብኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የፓውፓው ክሪክን ታሪክ ለክፍሉ አነበብኩላቸው፤ እንዲያው ለንባብ ልምምድ ብዬ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ትልልቅ ልጆች የበሩን መቀርቀሪያ ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። እኔን ሲያዩ ስለ አየሩ ያወሩ ጀመር። ሰኞ ነው፤ አውቄዋለሁ። ቀድሜ ገብቼ ልዝጋባቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እንዴት ያለ ደስታ እንደሰፈረባቸው ብታይ!

መልስሽ ከሰኞ በፊት እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። አትጨነቂ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መስኮቱን ለክቼዋለሁ፤ ካፖርቴን ካወለቅኩ እገባለሁ።

አክስትሽ
ኬዛያ